ዳገቱን በእግር፦ ስለ ወንድማችን መታሰቢያ የብስክሌት ጉዞ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየዓመቱ በኅዳር ወር በጎንደር ስለምናደርገው ጉዞ በስልክም፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅም፣ በገበያ መንገድም የምትጠይቁንን እዚህ ሰብስበን መልሰናል።

ይህ ጉዞ ምንድን ነው?

በ17 ዓመቱ በሩማቲክ የልብ ሕመም፣ ማለትም በወጉ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በሚነሣ የልብ ሕመም፣ ያረፈውን ታናሽ ወንድማችንን የምናስብበት የብስክሌት ጉዞ ነው። የሚያዘጋጁት ቤተሰባችን፣ የሰፈራችን ዕድርና አብረውት የተማሩ ልጆች ናቸው። ጠዋት ከጃንተከል ዋርካ አጠገብ ተሰብስበን ወደ አዘዞ እንወርዳለን፤ ከዚያ ተመልሰን ወደ ከተማው እንወጣለን። በመመዝገቢያና በስጦታ የሚገኘው ገንዘብ ወንድማችንን የነጠቀን ሕመም ለያዛቸው ልጆች ሕክምና ይውላል።

ውድድር አይደለም። ሰዓት የሚይዝ የለም፤ ቀድሞ የደረሰ አይሸለምም። አንድ ዓመት አንድ ብርቱ ልጅ ሁሉንም ቀድሞ ደርሶ ሜዳሊያው የት እንዳለ ጠየቀን። ትኩስ ሻይና ዳቦ ሰጥተን፣ ወደ ታች ተመልሶ የደከሙትን እንዲያግዝ ለመንነው። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት አልቀረም።

ስሙ በቲሸርቱም በባነሩም ላይ የሌለው ለምንድን ነው?

እናታችን ስላልፈቀደች ነው። በመጀመሪያው ዓመት ባነር ልናሳትም ስንል «ባነር ዝናብ ያወርደዋል፣ ንፋስ ይጥለዋል፣ ሰው ይረግጠዋል፤ የልጄ ስም መሬት አይውደቅ» አለች። ከዚህ በኋላ የሚከራከራት አልተገኘም። በቲሸርቱ ጀርባ ላይ ያለው የአንድ ብስክሌት ሥዕል ብቻ ነው።

ስሙ የሚጠራው ከጉዞው በፊት በሚደረገው ጸሎት ነው። የምታውቁት በልባችሁ ያዙት። ፎቶውን በማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ላይ እንዳትለጥፉ አደራ እንላለን፤ እናታችን በሰው ስልክ ላይ ድንገት ስታየው ቀኑን ሙሉ እህል አትቀምስም።

ብስክሌት ለምን ሆነ? ሩጫ አይቀልም ነበር?

ይቀላል። ሩጫ ጫማ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ነገር ግን ወንድማችን የሚወደው ብስክሌት ነበር። በመጀመሪያ በሰዓት እየተከራየ ይነዳ ነበር፤ በኋላ አባታችን አንድ ያገለገለ ባለማርሽ ብስክሌት ገዛለት። ካላማዳሪያ መለጠፍን በሠፈራችን ካለው ጎሚስታ ተማረ። ከዚያ በኋላ ሰንሰለት የተበጠሰበት፣ ፍሬን የላላበት የሰፈር ልጅ ሁሉ ወደ ግቢያችን ይመጣ ጀመር፤ የበራችን ድንጋይ እስከ ዛሬ በሰንሰለት ዘይት ጠቁሯል። አናጥበውም።

ብስክሌትን የሚያህል ነገር አልነበረውም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም እንደነበሯት ለሰው ሁሉ ይናገር ነበር። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ክረምት በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ደግሞ ደስታው ቤቱን ሞላው። እርሱን በሩጫ ማሰብ እንደማይሆንልን ይህን የሰማ ሁሉ ይረዳናል።

መቼ ነው የሚደረገው?

በኅዳር የመጀመሪያው እሑድ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ። ያረፈው በሐምሌ ነው፤ ነገር ግን የጎንደር ክረምት ለብስክሌት አይሆንም፣ ኮብልስቶኑ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ጭጋጉም ሹፌርን ያሳስታል። ኅዳር ላይ ዝናቡ ቆሟል፤ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ጾመ ነቢያትም ገና አልገባም። እሑዱ ኅዳር 6 ላይ ከዋለ ግን ጉዞውን በአንድ ሳምንት እናሸጋግራለን። የቁስቋም ዕለት ነውና ከተማው ወደ ደብሩ ይወጣል፤ እኛም እንወጣለን።

3 ሰዓት ያልነው ቅዳሴ ያስቀደሰ ሰው ቤቱ ገብቶ እንዲደርስ ነው። ቅዳሜ ይሁን የሚሉን አሉ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ በሰውና በከብት ይሞላል፤ ደፍረን አንገባበትም።

መንገዱ ይከብዳል?

ሲሄዱ አይከብድም፤ ሲመለሱ ይከብዳል። አዘዞ ከከተማው መሃል ወደ ደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መንገዱ በአብዛኛው ቁልቁለት ነው። መመለሻው ያንኑ ቁልቁለት መውጣት ስለሆነ እግር የሚፈተነው ያን ጊዜ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እንደ መተማና ሁመራ ካለ ቆላ የምትመጡ ሰዎች ሁለት ቀን ቀድማችሁ ብትደርሱ ትንፋሽ አያጥራችሁም። ውኃ ያዙ፤ ቁርስ ቀለል ይበል።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ቁልቁለቱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በኪራይ የመጣ አንድ ብስክሌት ፍሬኑ እምቢ ብሎ የያዘው ልጅ ወደቀ፤ ክንዱም ተሰበረ። ልጁ ድኗል፤ ጥፋቱ ግን የእኛ ነበር፤ ሳንፈትሽ አሰለፍነው። ከዚያ ወዲህ ከዋርካው ሥር ሁለት ጎሚስታዎች ይቀመጣሉ። የፊትና የኋላ ፍሬኑ ያልተፈተሸ ብስክሌት አይነሣም፤ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን። የአዘዞ መንገድ የባሕር ዳርና የመተማ መኪኖች የሚገናኙበት ስለሆነ ከባድ ጭነት አይጠፋበትም። የትራፊክ ፖሊሶች ከፊትና ከኋላ ያጅቡናል፤ እናንተ ደግሞ ቀኝ ጠርዝ ይዛችሁ በአንድ ረድፍ ንዱ። ሄልሜት የሌለው ከእኛ ይዋሳል።

ብስክሌት ባይኖረኝስ?

በእግር ኑ። ከአዘዞ እስከ ከተማው በእግር የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱ መካከል አክስታችን አንዷ ናት፣ ነጠላዋን አጣፍታ። ብስክሌት መከራየት የምትፈልጉ ከሳምንት በፊት ብትነግሩን እናፈላልጋለን። በዕለቱ ጠዋት የሚመጣ ሰው ግን ላያገኝ ይችላል።

ስንት ይከፈላል?

አዋቂ 200 ብር፣ ተማሪ 50 ብር። ከዚህ በላይ የሰጠ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ መክፈል ያልቻለም ከሰልፉ አይወጣም። ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ነው፤ በእጅ ለሰጠ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ደረሰኝ ሳይቆርጥ በወንድማችን ስም ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካገኛችሁ የእኛ ሰው አይደለም፤ እባካችሁ ንገሩን።

ልጆቼን ይዤ መምጣት እችላለሁ?

ብትመጡ ደስ ይለናል። ከ12 ዓመት በታች ያሉት ወደ አዘዞ አይወርዱም፤ በፋሲል ግቢ አጥር ዙሪያ ነው የሚነዱት። አጥሩ 900 ሜትር ስለሚረዝም ሁለትና ሦስት ጊዜ መዞር ለትንሽ እግር በቂ ነው፤ በየማዕዘኑ አንድ አዋቂ ይቆማል።

እነርሱ እስኪጨርሱ አንዲት ነርስ ወላጆችን ሰብስባ ስለ ጉሮሮ ሕመም ታስተምራለች። በእኔ እምነት የቀኑ ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ቲሸርቱም፣ ጉዞውም፣ ሻይውም ወላጆችን ወደዚህ ለማምጣት ነው።

ከአዘዞ ስትመለሱ ዳገቱ ላይ ሁላችሁም ወርዳችሁ ብስክሌቱን የምትገፉት ለምንድን ነው?

ይህን ያልጠየቀን የለም፤ እየነዳ ሊያልፈን የሚሞክር አዲስ ሰውም በየዓመቱ ይኖራል።

ወንድማችን 14 ዓመት ሲሆነው አንድ ቀን ከአዘዞ ስንመለስ ከብስክሌቱ ወረደ። «ደከመኝ» አለ። ያን ዳገት ከእኔ ቀድሞ የሚወጣ ልጅ ነበር። ሳቅሁበት፤ «ሰነፍክ እንዴ?» አልሁት። በሚቀጥለው ሳምንትም ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ላይ ይወርድ ጀመር። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በየጥቂቱ እየቆመ ይገፋ ነበር። እኔ ላይ ሆኜ እጠብቀዋለሁ፤ ቶሎ በል እለዋለሁ። አባታችን ዕድሜው ነው፣ ቁመት እየጨመረ ስለሆነ ነው አለ። ማታ ማታ ሁለት ትራስ ደርቦ መተኛት ሲጀምርም ቅንጦት መሰለን። ልቡ ደም መግፋት እያቃታት እንደነበረ ያወቅነው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እግሩ ካበጠ ወዲያ ነው።

ስለዚህ እርሱ ይወርድበት ከነበረው ቦታ ስንደርስ ሁላችንም እንወርዳለን። ጎበዙም፣ ባለማርሹም ይወርዳል። እስከ ዳገቱ ጫፍ በዝግታ፣ ሳንነጋገር እንገፋለን። የደከመው ይቆማል፤ እርሱ ሲቆም ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል፤ ቶሎ በል የሚል የለም። እየነዳችሁ ማለፍ ብትፈልጉ አንከለክላችሁም፤ ብትወርዱ ግን ደስ ይለናል።

ሩማቲክ የልብ ሕመም ምንድን ነው?

ከጉሮሮ ይነሣና ልብ ላይ ያርፋል። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የልጅን ጉሮሮ ሲያቆስል ሰውነት የሚዋጋበትን መከላከያ ያዘጋጃል። ጉሮሮው በወጉ ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ያ መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ሰውነት ይመታል። ትኩሳት ይነሣል፤ ጉልበት ያብጣል፤ ጉልበቱ ሲተወው ቁርጭምጭሚት ወይም ክርን ይይዛል። የመጋጠሚያው ሕመም ምንም ጠባሳ ሳይተው ይጠፋል። ልብ ላይ የደረሰው ግን አይጠፋም፤ በተለይ ሕመሙ ሲመላለስ የልብ ቫልቮች፣ ማለትም ደም የሚያልፍባቸው የልብ በሮች፣ ይጠባሉ ወይም መግጠም ያቅታቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ5 እስከ 15 ባለው ዕድሜ ነው። ብዙ ልጆች በአንድ ክፍል፣ በአንድ መኝታ በሚያድሩበት ቤት ባክቴሪያው በቀላሉ ይተላለፋል።

ወንድማችን 9 ዓመት ሲሆነው ጉሮሮውን አመመው፤ አለፈ። ከዚያ ጉልበቱ አበጠ። ምች ነው ተባለና ዳማከሴ ታሸ፤ በላብ አደረ። ሲብስበት የወሰድንበት ክሊኒክ ማስታገሻ ሰጥቶ መለሰን። እብጠቱ ሲጠፋ ዳማከሴውም ክኒኑም ምስጋና አገኙ። ሕመሙ ግን ሥራውን ሠርቶ ነበር የሄደው።

ልጄን ጉሮሮውን ሲያመው ምን ላድርግ?

ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣና በራሱ የሚድን ነው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለየው ግን ባለሙያ ነው። በተለይ ልጁ ሳልና ንፍጥ ሳይኖረው ትኩሳት ካለው፣ መዋጥ ካቃተው፣ አንገቱ ሥር ያሉ ንፍፊቶች ካበጡ አትዘግዩ። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ተገቢው ፀረ ባክቴሪያ ከተሰጠ የልቡን ሕመም መከላከል ይቻላል። ሕክምናው አንድ ጊዜ የሚወጋ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም የ10 ቀን ክኒን ነው። ክኒን ከታዘዘ 10 ቀኑ ይሙላ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ይወርዳል፤ ልጁ ይጫወታል፤ የቀረው ክኒን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በብዙ ቤት የሚሆነው ይህ ነው፤ በእኛም ቤት ሆኗል።

እንጥል አታስቆርጡ። በአካባቢያችን እስከ ዛሬ የሚያስቆርጥ ሰው አለ፤ አስቆራጮቹም ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው የሚያደርጉት። ይሁን እንጂ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ደም በማፍሰስና በመመረዝ ደግሞ ልጅ ይገድላል። ከመድኃኒት ቤት በግምት የሚገዛ ክኒንም እንዲሁ ጊዜ ያሳልፋል እንጂ አይተማመኑበትም።

መርፌው ሰው ይገድላል ይባላል። እውነት ነው?

ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አለ፤ ከባድ አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል፤ ይህ ግን እምብዛም የማይከሰት ነገር ነው። ስለዚህ ነው መርፌው አለርጂን ማከም በሚችል የጤና ተቋም መወጋት ያለበት። ቀድሞ መድኃኒት አልስማማ ብሎት የሚያውቅ ካለ ሳይወጋ በፊት ይናገር።

ልቡ የተነካ ልጅ ይህን መርፌ በየሦስትና አራት ሳምንቱ፣ ለብዙ ዓመታት መውሰድ አለበት። ሕመሙ እንዳይመላለስና ቫልቩን ይበልጥ እንዳይጎዳ የሚጠብቀው እርሱ ነው። ያማል። ታፋው ላይ ድንጋይ የተቀበረ ይመስላል። ልጆች ይደበቃሉ፤ እናቶች ይራራሉ፤ አንድ ወር ይዘለላል፣ ከዚያ ሁለት ወር። በመርፌ ስም ከሚፈራው ሞት ይልቅ በተዘለለ መርፌ የሚመጣውን ብንፈራ ይሻላል።

ሕመሙ ያለብኝ ሰው በጉዞው መካፈል እችላለሁ?

ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ ብስክሌት አትንዱ። ከቫልቭ ሕመም ጋር ዳገት መውጣት ጉዳት አለው። ነገር ግን ኑ። በምዝገባው ጠረጴዛ፣ በውኃ ማደያው፣ በዳገቱ ጫፍ ሰው ያስፈልገናል። በአዲስ አበባ ቫልቭ የተቀየረላት አንዲት ተማሪ ላለፉት ዓመታት የሄልሜቶቹ ኃላፊ ናት፤ አንድም ጠፍቶባት አያውቅም።

ገንዘቡ ለምን ለምን ይውላል? ማንስ ይቆጣጠረዋል?

ከሁሉ የበዛው ወጪ የትራንስፖርት ነው። ይህን ስንናገር ብዙ ሰው ይገረማል። መርፌው ራሱ ውድ አይደለም፤ ከዳባት፣ ከቆላ ድባ ወይም ከዚያ ካለፈ ገጠር ልጅን ይዞ በየወሩ ጎንደር መመላለስ ነው ቤተሰብን የሚያደክመው። ቀጥሎ የልብ አልትራሳውንድ ክፍያ፣ መድኃኒቱ በጤና ተቋም ሲጠፋ ከውጭ መግዣ፣ ቫልቭ ለተቀየረላቸው ደግሞ ደም የሚያቀጥን መድኃኒትና የደም ምርመራ አለ። ለቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ወደሚገኘው የልብ ማዕከል ለሚላክ ልጅ የመንገድና የአስታማሚ ማደሪያ እንችላለን። ቀዶ ሕክምናውን ራሱን ለመክፈል አቅማችን አይደርስም፤ እንደምንደርስ አድርገን ቃል አንገባም።

የባንክ ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ከሦስቱ የቤተሰባችን አባል አንድ ብቻ ነው። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የበጎ አድራጎት ኮሚቴ የሚባል አደረጃጀት አለ፤ ከሕዝብ ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰው በዚያ መንገድ ቢሄድ ራሱንም ሰጪውንም ያስከብራል። ገቢና ወጪው በየዓመቱ ጥር ላይ በዕድራችን ስብሰባ ይነበባል። መጥቶ መስማት ለማንም ክፍት ነው። ጉዞው ራሱ የሚፈልገው ወጪ፣ ማለትም ሻይ፣ ዳቦ፣ ነዳጅና ቲሸርት፣ ከዚህ ገንዘብ አይነካም፤ እርሱን ነጋዴ ወዳጆቻችንና ዘመዶቻችን ይችሉታል። አንድ ጊዜ አንድ ድርጅት በሰው ፊት ቃል ገብቶ ሳይሰጥ ቀርቷል፤ እኛም ቃሉን እንደ ገንዘብ ቆጥረን ለሁለት ቤተሰብ ተስፋ ሰጥተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ባንክ ያልገባ ገንዘብ ለማንም ቃል አይገባበትም።

ከከተማ ውጭ፣ እስከ ጎርጎራ ድረስ ለምን አታደርጉትም?

ወንድማችን ይመኘው የነበረው እርሱን ነው። ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጣና ደግሞ ከእኛ ከ300 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ «እስከ ውኃው ድረስ ቁልቁለት ነው» እያለ ካርታ ይሥል ነበር። አንድ ቀን እንሄዳለን ብለን እናስባለን።

አሁን ግን አናደርገውም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ክልላችን ያለበትን ሁኔታ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። የሰው ልጅ ለማዳን ብለን የሰው ልጅ በማያስተማምን መንገድ ላይ አናሰልፍም። በከተማ ውስጥም ቢሆን ከከተማ አስተዳደሩና ከፖሊስ ፈቃድ ሳናገኝ አንነሣም፤ ዓርብ ማታ እርግጠኛ ካልሆንን እንሰርዘዋለን። ጉዞው በቀረበት ዓመት የተመዘገቡ ሰዎች ገንዘባችሁን ውሰዱ ስንላቸው አንወስድም አሉ፤ በዚያ ዓመትም የትራንስፖርቱ ክፍያ አልተቋረጠም።

ሙት ዓመትን በብስክሌት ማክበር ከወጋችን ጋር አይጋጭም?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከቤታችን ታላላቆችም መጥቷል። ፍትሐቱ ተደርጓል፤ አርባውም ሙት ዓመቱም በሥርዓቱ ተዘክሯል። ጉዞው በእነዚህ ፈንታ የመጣ አይደለም። የንስሐ አባታችንን ሳንጠይቅም አልጀመርነውም፤ ጉዞው ከመነሣቱ በፊት ጸሎት የሚያደርሱት እርሳቸው ናቸው። የወንድማችን የቅርብ ጓደኛ ሙስሊም ነው፤ ቤተሰቡ በየዓመቱ በስሙ ሰደቃ ይሰጣሉ፤ ጸሎቱ ሲደርስ እርሱ በእርሱ ሥርዓት ዱዓ ያደርጋል፤ ከዚያ አብረን እንነሣለን።

በዕለቱ ሙዚቃ አንከፍትም፤ መጠጥም የለም። ልጆች ግን ይስቃሉ፤ ደወል እያቃጨሉ ይሄዳሉ፤ ይህን የሚያስከፋው ሰው ካለ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ዝም በሉ ግን አንላቸውም።

እኛም ልጃችንን አጥተናል። እንዲህ ያለ ጉዞ ማዘጋጀት እንፈልጋለን፤ ከየት እንጀምር?

አስቀድሞ ጊዜ ስጡት። በሐዘኑ መጀመሪያ ዓመት አታድርጉት። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ እሺ ይላል፤ እናንተ ግን የምትፈርሙትን አታነቡም። እኛ ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው የጀመርነው፤ እርሱም ፈጥኖብን ነበር።

ከዚያ ገንዘቡ ለማን፣ ለምን እንደሚውል በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር እስክትችሉ ድረስ አንድም ሰው አትመዝግቡ። መንገዱን አሳጥሩት፤ ሰዎች ለሚቀጥለው ዓመት የሚመጡት ሳይማረሩ የተመለሱ እንደሆነ ነው። ለከተማው አስተዳደር፣ ለትራፊክ ፖሊስና ለጤና መምሪያ ደብዳቤ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ይግባ። የመጀመሪያ እርዳታ የሚሰጥ ባለሙያና ለአደጋ የሚሆን መኪና ሳይኖር አትነሡ። የቀረውን ቤታችን መጥታችሁ ጠይቁን፤ ደብዳቤዎቻችንን፣ የደረሰኝ ጥራዛችንን፣ የተሳሳትንበትን ሁሉ እናሳያችኋለን።

የእኔ ልጅ አመልክቶ ሳይረዳ ቀርቷል። በምን መዝናችሁ ነው?

ሁሉንም መርዳት አንችልም፤ ይህን ለአንድ እናት ፊት ለፊት መናገር ከዚህ ሥራ ሁሉ የሚከብደን ነው። የሚመርጡት ሁለት ነርሶች፣ የዕድሩ ሊቀመንበርና አንድ መምህር ናቸው። ከቤተሰባችን ማንም በምርጫው አይቀመጥም፤ ዘመድ እንዳናስቀድም ብለን ራሳችን የወሰንነው ነው። መርፌውን አቋርጦ የነበረና መጀመር የሚፈልግ ልጅ ቅድሚያ አለው፤ ቀጥሎ ከሩቅ የሚመጣ። ያልተመረጠ ልጅ ማመልከቻው አይጣልም፤ በሚቀጥለው ዙር ከላይ ይቀመጣል። እባካችሁ መርፌውን ግን እኛን እየጠበቃችሁ አታዘግዩት።

ይህ ገንዘብ ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ ወንድማችሁ ይድን ነበር?

ይህን የጠየቀችን ከዳባት የመጣች የ11 ዓመት ልጅ ናት፤ መርፌዋን ተወግታ ስትወጣ። አዋቂ አይጠይቀንም።

አይመስለኝም። አባታችን ገንዘብ አላጣም፤ ለመርፌ የሚሆን ቀርቶ ለብስክሌት የሚሆንም ነበረው። ያጣነው ጉልበቱ ባበጠ ጊዜ «ይህ ልጅ ጉሮሮውን ታምሞ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ነው። እናታችንን ወይም እኔን ማንም አስተምሮን ቢሆን፣ ዳገቱ ላይ ሲወርድ ባልሳቅሁ።

ለልጅቷ የነገርኋት ይህን ሁሉ አይደለም። ወንድሜ መርፌውን ሳይጀምር እንደቀረ፣ እርሷ ግን እንደጀመረች ነገርኋት። «ስንተኛሽ ነው?» ስላት በጣቷ ቆጥራ «ሰባተኛ» አለች። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ከአባቷ ጋር መጣች። ብስክሌት መንዳት አልተፈቀደላትም፤ ስለዚህ ከእናታችን ጋር የዳገቱ ጫፍ ላይ ቆማ እየገፋ ለሚደርሰው ሁሉ ዳቦ ሰጠች።